ወደ አውሮፓ የሄደው «ኤዬ»

ከነቀምቴ ወደ ሲሬ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ አንዲት ቡና ነጋዴና አንድ ሽማግሌ ገበሬ ተቀምጠዋል።

«ኦቦ ተፈራ፣ አውሮፓዎቹ በጋራ ባወጡት የቡና ሕግ ላይ ተሰብስባችኋል አሉ?»

«ኤዬ፣ ተሰብስበናል። ጫካ ተመንጥሮ የተተከለ ቡና አንገዛም፣ የያንዳንዱ ማሳ ካርታ ይምጣ ብለዋል።»

«እናንተስ ምን አላችሁ?»

«ማሳችን ገና አልተለካም፣ ጊዜ ይጠየቅልን ልንል ነበር የሄድነው።»

«ታዲያ አላላችሁም?»

«ከክልል የመጣው ባለሙያ ‹ለሕጉ ተዘጋጅታችኋል› እያለ ሲናገር፣ እየሰማንህ ነው ለማለት ያህል ‹ኤዬ፣ ኤዬ› አልነው። ሰው እያወራ ዝም ይባላል እንዴ?»

«ነውር ነው።»

«እሱ ግን፣ ኤዬ በኦሮምኛ አዎም ነውና፣ ‹አዎ ብለዋል› ብሎ ጻፈው። ክልሉም ገበሬዬ ተዘጋጅቷል ብሎ ለፌዴራል ላከ።»

«ፌዴራልስ?»

«ክልሉ ካለማ ብሎ፣ ለአውሮፓዎቹ ሊጽፍ የነበረውን የጊዜ ይራዘምልን ደብዳቤ ተወው።»

«አቤት አትሉም?»

«ብለናል። ለሰኞ እንደገና ጠርተውናል። አሁን እንኳ ነቅተናል፤ ሰውየው ሲናገር ጭጭ ነው የምንለው።»

«ዝምታውን ‹ተቃውሞ የለም› ብሎ ቢጽፈውስ?»

እስከዚያ ድረስ አንገቴን በአዎንታ እየነቀነቅኩ ስሰማቸው ነበር፤ ቀስ ብዬ መነቅነቁን ተውኩት።