ጅዳ ናት የተባለችው እናት

የነሐሴ ዝናብ ደብረ ታቦር ላይ ሲወርድ ማንንም አያማክርም። በዚያ ቅዳሜ ከገበያ ወደ መናኸሪያ ስሄድ ድንገት ለቀቀውና እንደ እኔ ጃንጥላውን ረስቶ የወጣ ሁሉ ከአንድ ወፍጮ ቤት ክፈፍ ሥር ተጠጋጋ። ከጎኔ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። ጋቢያቸውን ለራሳቸው ሳይሆን ጨው ለቋጠሩበት ከረጢት አልብሰውት እሳቸው በእጀ ጠባብ ይንቀጠቀጣሉ።

ከወዲያ በኩል የቆመ አንድ ነጋዴ አያቸውና፣ "አያ ፈንታሁን፣ አማረች እንዴት ናት?" ብሎ ጠየቃቸው።

"ደኅና ናት፤ ተመስገን። ጅዳ ናት። በየሳምንቱ ትደውላለች።"

"ተመልሳ ሄደች በሉኛ። የታደለች ናት" አለ ነጋዴው።

እኔ ዞር ብዬ አየኋቸው። ከክምር ድንጋይ በላይ ካለ መንደር የመጡ፣ አማረች የምትባል ልጅ ያለቻቸው አያ ፈንታሁን ሁለት አይኖሩም። አማረችን ደግሞ በዚያው ጠዋት አይቻታለሁ። ያየኋት ከወፍጮ ቤቱ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ ከአከራይዋ ግቢ ልብስ ስታጥብ ነው።

ማን እንደሆንኩ ልናገር። ስሜ አዲስዓለም ይባላል። ሥራዬ ፍርድ ቤት በዋስ የለቀቃቸውን ተከሳሾች ጉዳያቸው እስኪወሰን ድረስ መከታተል ነው። ቀጠሮ እንዳይረሱ አስታውሳለሁ፤ ዳኛው ያዘዘውን መጠበቃቸውን አያለሁ፤ ሲቸግራቸው እሰማለሁ፤ ሲያጠፉም ለዳኛው አስታውቃለሁ። የሰፈሩ ሰው ፖሊስ ነሽ ይለኛል፤ ፖሊሶቹ ደግሞ የተከሳሽ ጠበቃ ያደርጉኛል። ሁለቱንም ማስረዳት ከሰለቸኝ ቆይቷል።

አማረች ልጇን ማሬን ገና በጡት ሳለች ለአባቷ ለአያ ፈንታሁን ትታ ዓረብ አገር ሄደች። ከዓመታት በኋላ ተመልሳ ደብረ ታቦር በአንድ ምግብ ቤት በወጥ ሠሪነት ተቀጠረች፤ በየሳምንቱም እየሄደች ልጇን ታይ ነበር። ልጅቱ እናቷን መልመድ ስትጀምር ነገር መጣ። አማረች ከሥራ ባልደረባዋ ጋር በተጣሉበት ቀን የፈላ ዘይት ተደፍቶ የሴትዮዋን ክንድ አቃጠለ። ሴትዮዋ ሆን ብላ ደፋችብኝ አለች፤ አማረች መጥበሻው ከእጄ አመለጠ አለች። ዳኛው በዋስ ለቀቃትና ከሴትዮዋ ዘንድ እንዳትደርስ፣ ከደብረ ታቦር ከተማም እንዳትወጣ አዘዘ። ወዲያው ፍርድ ቤቱ ለክረምት ተዘጋ፤ ቀጠሮውም ለጥቅምት ሆነ።

በዚያ ጠዋት ልብሷን እየጨመቀች ያለችኝ ነገር ነው ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ የዋለው። "ለቡሄ ልጄን ሳላይ አልውልም። ሙልሙሏን ይዤ እሄዳለሁ። አንች የሥራሽን ሥሪ፤ አልቀየምሽም" አለችኝ። ከሄደች ለተረኛው ዳኛ ማስታወቅ ግዴታዬ ነው። ዋስትናዋ ይሰረዝና እስከ ጥቅምት ማረሚያ ቤት ትቆያለች። ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን ደግሞ ማንም አያውቅም። አባቷን እንዳነጋግርላት፣ የነገረችኝንም ሁሉ እንድነግራቸው ለምናኛለች፤ እሳቸው ግን ስልኬን አያነሱም ነበር።

ዝናቡ ጋብ ሲል ሰው ሁሉ ውልቅ ውልቅ አለ። አያ ፈንታሁን ግን ለጨዋቸው ሰግተው ቀሩ። ጠጋ ብዬ እጅ ነሣሁና ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ያደረጉት ግራና ቀኝ ማየት ነበር።

"ቀስ በይ ልጄ፤ ሰው ይሰማል።"

"ሰው ሄዷል፤ ያለነው እኔና አንቱ ነን።"

"ስልክሽን ያላነሣሁት ንቄሽ አይደለም" አሉ። "ምን እንደምልሽ ጠፍቶኝ ነው። እስቲ አሁን ከተገናኘን አንድ ነገር አስረጅኝ። ልጄ ጥፋተኛ ከሆነች ለምን አልታሰረችም? ጥፋት ከሌለባት ደግሞ ለምን አትተዉአትም? ከሁለቱ መሐል ያለውን ነገር እኔ አላውቀውም።"

"ከሁለቱ መሐል ያለው መጠበቅ ነው፣ አባቴ። ዳኛው ገና አልፈረደም። እስኪፈርድ ድረስ አማረች እንደ እኔና እንደ አንቱ ንጹሕ ሰው ናት። የተጠየቀችው ቀጠሮዋን እንድታከብርና ከከተማው እንዳትወጣ ነው እንጂ ተፈርዶባት አይደለም።"

"ጠባቂዋም አንች ነሽ።"

"እኔ ነኝ።"

ሽማግሌው ትንሽ ፈገግ አሉ። "አያቴ ሲያወሩ እሰማ ነበር። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸው ጫፍ ይቋጠርና ዳኛ ፊት እስኪቆሙ አብረው ይውሉ፣ አብረው ያድሩ ነበር። ቁራኛ ይባላል። እንግዲህ የልጄ ቁራኛ አንች ነሻ።"

"እንደዚያ ይበሉት፤ ለማደር ግን ቤቴ ነው የምገባው። ደግሞ ያስቡት፤ ያ በነጠላ የተቋጠረ ሰው አገር እያየው ገበያ መሐል ይሄድ ነበር። ጅዳ ነው ብሎ የደበቀው ዘመድ አልነበረውም።"

ነገሩ ሳይነካቸው አልቀረም። ከረጢቱን ያለ ምክንያት ከቦታ ቦታ አዛወሩት።

"አንች የተማርሽ ነሽ፤ ይህን ትያለሽ" አሉ። "እኔ የምኖረው ግን ከሰው ጋር ነው። ሰው ክስ ሲሰማ ፍርድ አይጠብቅም። የልጅ አፍም አታውቂም። ማሬን ከብት ውኃ ስታወርድ የእስረኛ ልጅ ቢሏት ማን ይመልስላታል? እናትሽ ጅዳ ናት ስላት ግን ቀና ብላ ትሄዳለች፤ ጓደኞቿም ያከብሯታል። ውሸት መሆኑን አውቃለሁ፤ የነፍስ አባቴም ያውቃሉ። አማረችም እሺ ብላኝ ከጅዳ እንደምትደውል ሆና ትደውላለች። ለልጅ ብለን ነው።"

እውነቱን ለመናገር የሽማግሌው ክርክር ቀላል አልነበረም። በእኛ አገር የተከሰሰና የተፈረደበት ሰው ልዩነት የሚታወቀው ችሎት ውስጥ ብቻ ነው፤ ከችሎቱ በር ሲወጡ ልዩነቱ ይጠፋል። ክሱን ያሸነፈ ሰው እንኳ መንደሩ ሲመለስ በጎሪጥ ሲታይ አውቃለሁ። አያ ፈንታሁን የፈሩት ያለ ነገር ነው፤ የመረጡት መድኃኒት ግን ከበሽታው የባሰ መሰለኝ።

"እስከ መቼ ነው ጅዳ የምትቆየው?" አልኳቸው።

"እስኪለይላት።"

"ለጥቅምት ቢፈረድባትስ? ያን ጊዜ ስንት ዓመት ጅዳ ልትሏት ነው? ብትለቀቅስ፣ ከየት መጣች ልትሏት ነው? አያ ፈንታሁን፣ አሁን ያለው ጊዜ አይመለስም። ልጅቱ ትምህርት ቤቷ ዝግ ነው፤ እናቲቱም በእጃችን ናት። አማረች ወደ ክምር ድንጋይ መምጣት አትችልም። ማሬ ግን ወደዚህ መምጣት ትችላለች፤ የከለከላት ዳኛ የለም። የከለከሏት አንቱ ብቻ ነዎት።"

"ከበድ አድርገሽ ተናገርሽ።"

"ይቅር ይበሉኝ። አማረች ለቡሄ እሄዳለሁ ብላለች፤ ፍርሃቴ ነው ያናገረኝ። ከወጣች ዝም ልላት አልችልም።"

እጃቸው ከረጢቱ ላይ ቀረ። ይህን አያውቁም ነበር።

"ኧረ እንዳትሄድ ንገሪያት" አሉ። "ልጅቱ እኮ መጠየቁንም ትታዋለች። በፊት እማ መቼ ነው የምትመጣው እያለች ታስጨንቀኝ ነበር፤ አሁን ለምዳዋለች።"

"አልለመደችውም" አልኳቸው። "ባለፈው በረዶ የጣለ ዕለት አማረች ደውላ ነበር። ያስታውሳሉ?"

"አስታውሳለሁ። ስልኩን ለማሬ ሰጥቼ እኔ ምድጃው ጋ ነበርኩ።"

"እዚህም እየጣለ ነበር። አማረች ያለችበት ቤት ቆርቆሮ ነው፤ በረዶው ሲመታው ጩኸቱ ጆሮ አያሰማም። ጅዳ እንዲህ ያለ በረዶ የለምና ደንግጣ ስልኩን ልትዘጋ ስትል ልጅቱ ምን አለቻት መሰለዎት? ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ 'እማ፣ ከቆርቆሮው ራቅ በይ፤ አባባ ይሰማሉ' አለቻት።"

ነገሩ ቶሎ አልገባቸውም መሰለኝ፤ ከንፈራቸው የልጅቱን ቃል ሲደግም አየሁ። ከዚያ በወፍጮ ቤቱ ደፍ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"ታውቃለች" አሉ።

"ታውቃለች። ከማን እንደሰማች አላውቅም። የምትሸሽገው ግን ለአንቱ ብላ ነው። እውነቱን ማወቋን ቢሰሙ የሚያዝኑ መስሏት ነው።"

"ዓርብ ዓርብ ማታ ጠጉሯን ቅቤ ቀቢኝ ብላ አክስቷን ትለምናለች" አሉ ሽማግሌው፤ ከእኔ ጋር ሳይሆን ከራሳቸው ጋር የሚነጋገሩ ይመስላሉ። "ቅዳሜ ወደ ገበያ ስነሣ ያችን የዓመት በዓል ቀሚስ ለብሳ ከበሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኛታለሁ። ውሰዱኝ አትልም። ዝም ብላ ታየኛለች። እኔ ደግሞ የልጅ ነገር ነው እያልኩ እሄዳለሁ።" ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። "እኔ ለእሷ ስሸሽግ፣ እሷ ለእኔ ስትሸሽግ ከረምን ማለት ነው። አንድ ፍሬ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ብቻዋን።"

ለወትሮው ተከሳሽ ፊት አላለቅስም፤ እሳቸው ግን ተከሳሽ ስላልነበሩ ራሴን አልከለከልኩም።

"እኔስ ያልናፈቀችኝ ይመስልሻል?" አሉ ቀና ብለው። "የአማረችን ቤት አውቀዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ በአጥሩ ጥግ አልፋለሁ። ድምጿን ሰምቼ ወደ መናኸሪያ እሄዳለሁ። አንድ ቀን ከአከራይዋ ጋር ስትስቅ ሰማኋት፤ ያን ሳምንት ሥራዬ ሁሉ ቀለለኝ።"

"ታዲያ ለምን አልገቡም?"

"ከገባሁ አባትነቴ ነዋ የሚናገረው። ሰው ያየኛል፣ ነገሩ ይወጣል አልኩ። ልጄን ከማቀፍ የሰው አፍ በለጠብኝ።"

ይህን ሲሉ የሚከራከረኝ ሰው እንደሌለ አወቅሁ። ቢሆንም አንድ ነገር ቀርቷቸው ነበር።

"ልጅቱን ካመጣኋት መንደሩ ይጠይቀኛል። ምን እላለሁ?"

"ያለውን። ክስ አለባት፣ ፍርድ እየጠበቀች ነው ይበሉ። ከዚህ አይጨምሩ፣ አይቀንሱ።"

"ክስ አለባት" አሉ በዝግታ፣ የማያውቀውን ምግብ እንደሚቀምስ ሰው። "ፍርድ እየጠበቀች ነው።" ትንሽ አሰቡና፣ "እንደፈራሁት አይከብድም" አሉኝ። "ትለቀቃለች ግን?"

"አላውቅም፣ አባቴ። ልዋሽዎት አልፈልግም።"

"ተይ፤ ውሸቱ ይብቃን። ለቡሄ አመጣታለሁ። ለአማረች ንገሪያት፤ ከቦታዋ እንዳትነቃነቅ።"

የቡሄ ዕለት እኔና አማረች መናኸሪያ ቆመን ጠበቅን። ሙልሙሉን በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛዋለች። መኪና እየመጣ ሰው ያራግፋል፤ እነሱ የሉበትም። ረፈደ። በወዲህ በኩል ወደ ክምር ድንጋይ የሚሄድ ሚኒባስ ረዳቱ እየጮኸ ሰው ይጭናል፤ አማረች ዓይኗን ከእሱ መንቀል አቃታት። ጥቂት ቆይታ ሄደችና የበሩን እጀታ ያዘች። እኔ አልጎተትኳትም። "ከገባሽ መጻፌ ነው" አልኳት፤ ድምፄ ግን እንደ ልመና ነበር የወጣው። እጀታውን እንደያዘች ቆመች፤ ረዳቱ ግቢ ወይ ልቀቂ አላት። ለቀቀችው። ሚኒባሱ ሄደ፤ እሷም በቆመችበት መሬት ላይ ቁጢጥ ብላ ፊቷን ሸፈነች።

እንደዚያ እንዳለች ነው ማሬ በዚያ የዓመት በዓል ቀሚስ፣ ጠጉሯ በቅቤ ወዝቶ የመጣችው። ከእብናት ማዞሪያ በኩል ጎማ ፈንድቶባቸው ነው የዘገዩት አሉ ሽማግሌው፤ ማንም አልሰማቸውም። ልጅቱ አልሮጠችም። ከእናቷ ፊት ቁጢጥ አለችና እጆቿን ከፊቷ ላይ አንድ በአንድ አነሣቻቸው።

ከዚያ ወዲያ የተገኘውን ጥቅም መናገር ይገባኛል፤ አንባቢ ከእንባው በቀር ምን ተረፈ ሊለኝ ይችላልና። አማረች ከከተማው የመውጣት ሐሳቧን ተወች፤ እንቅልፍ ተኛች፤ ለጠበቃዋም ነገሩን ሳታቆራርጥ ለመናገር ልብ አገኘች። ማሬ ሚስጥር ከመጠበቅ ዐርፋ እንደ ልጅ መጨቅጨቅ ጀመረች፤ አያ ፈንታሁን በዚህ ሲያማርሩ ደስታቸው ያስታውቃል። በመንደሩ ፊቱን ያዞረባቸው ሰው አልጠፋም። ከጽዋ ማኅበራቸው አንዱ ግን ተደብቆ መጥቶ፣ ወንድ ልጁ ጎንደር ታስሮ ክሱን እንደሚጠብቅ ነገራቸውና እንዴት ሄዶ እንደሚጠይቀው አማከራቸው። ሰውየው ልጁን ሁመራ ለሥራ ሄዷል ሲል ነው የከረመው። ክስ ያለበትን ሰው የምንሸሽገው ክብራችንን ለመጠበቅ ነው እንላለን፤ የምንቀጣው ግን ያልተፈረደበትን ሰውና ልጆቹን ነው። የመጠበቂያው ጊዜ የዳኛው ብቻ አይደለም፤ ቤተሰቡም ሊኖርበት ይገባል።

እኔ የማልረሳው ግን የዚያን ዕለት አመሻሽ ነው። አያ ፈንታሁንና ማሬ ሊመለሱ ሲሉ አማረች ልሸኛቸው ብላ አብራቸው በእግሯ ወጣች፣ እኔም ተከተልኳቸው፤ ሚኒባሱ ወደ ጋይንት መውጫ ካለው ነዳጅ ማደያ ይጭናቸዋል። ከተማው እዚያ ያበቃልና ማደያው ዘንድ ስንደርስ አማረች ቆመች። ልጅቱ እጇን እንደያዘች ወደ መኪናው ሳበቻት።

"እስከዚህ ነው የሚፈቀድልኝ፣ ማሬ" አለቻት አማረች። ይህን ለልጇ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር።

ልጅቱ መንገዱን አየች፤ የእናቷን እግር አየች።

"እስከ መቼ?"

"እስከ ጥቅምት።"

"ከዚያስ?"

"አላውቅም።"

ማሬ ትንሽ አሰበች። ከዚያ የእናቷን እጅ ለቀቀችና፣ "እሽ። አንች እዚህ ሁኝ፤ እኔ እመጣለሁ" አለቻት።