መምህር ቀለመወርቅና የዓርቡ ጉባኤ

መምህር ቀለመወርቅ ወደ ወገዳ ከተማችን የገቡ ዕለት እኔ ሱቄ ውስጥ ተደብቄ ነበር። ከአይሱዙ ላይ፣ ከጨው ጆንያ መካከል፣ ኮት የለበሰና ቦርሳ የታቀፈ ሰው ሲወርድ አየሁ። ግብር አስከፋይ መስሎኝ በሬን ዘጋሁ። መጥተው አንኳኩ።

«ማነው?»

«ሳሙና ፈልጌ ነበር።»

«ባለሱቁ የለም።»

«እንግዲያው የሌሉት ባለሱቅ በቀዳዳው አንድ ሳሙና ያቀብሉኝ» አሉ።

እንዲህ ተዋወቅን። ከዚያ በኋላ እሳቸው ርዕሰ መምህር፣ እኔ ፊልጶስ የወላጆች ተወካይ ሆነን በትምህርት ቤቱ ኮሚቴ አብረን ሠራን፤ ዛሬ ደግሞ በጡረታ ሲሰናበቱን ሸኛቸው ተባልኩ።

አመላቸውን ታውቃላችሁ። አጥሩ ፈርሷል ስንላቸው፣ «ለዓርቡ ጉባኤ ይቅረብ።» ኳሱ ፈንድቷል፣ «ለዓርቡ ጉባኤ ይቅረብ።» ባለቤታቸው እትዬ ዓለሚቱማ፣ «ሽሮ ይሁን ምስር ብዬ ብጠይቀው፣ ዓርብ እስኪደርስ ጦሜን ላድር ነው» ብለውኛል። ይስቃሉ እንጂ አይክዱም፤ ተመልከቷቸው።

ከሩቅ ለመጣችሁ እንግዶች ልንገራችሁ። የዓርቡ ጉባኤ ማለት ተማሪው፣ መምህሩ፣ ዘበኛው ከወይራው ሥር ተቀምጦ የትምህርት ቤቱን ደንብ የሚያወጣበት ነው። የአንደኛ ክፍሉ ልጅም ድምፁ አንድ፣ የርዕሰ መምህሩም አንድ።

የመጀመሪያው ምርጫ በእህል ነበር። ያረፈደ ተማሪ በር ይዘጋበት የሚል ገብስ፣ ይግባ የሚል ሽምብራ ማሰሮው ውስጥ ይጨምር ተባለ። ልጆቹ በሙሉ «ይግባ! ይግባ!» ሲሉ ነው የዋሉት። ማሰሮው ሲገለበጥ የመምህራኑ ገብስ ብቻ። ሽምብራውን ያቀረብኩት እኔ ነኝ፣ ሱቄ ውስጥ የነበረውም የተቆላ ነው። ለካ ሰልፉ ሲረዝም ድምፃቸውን ቆርጥመውታል። መምህር ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ጋሽ ፊልጶስ፣ ምርጫውን ቆልተው አመጡልን» አሉ። በሚቀጥለው ዓርብ በቆርኪ ሆነ፤ ኋላ ደግሞ እጅ በማውጣት።

አሁን ቁም ነገሩን ልናገር። ባለፈው ዓመት ከመንገዱ ዳር ያለችውን የትምህርት ቤቱን ቁራሽ መሬት ለሱቅ ተከራይቼ ለመሥራት ጠየቅሁ። መልሱን ታውቁታላችሁ፤ ዓርብ ቀረብኩ። ሰብሳቢዋ ተማሪ ህይወት፣ «ጋሼ፣ ሱቁ ሲሠራ እኛ ወደ ምንጩ የምንወርደው በየት ነው?» አለችኝ። ጉዳዩ ለድምፅ ቀረበ። መምህር እጃቸውን ያወጡት ለእኔ ነበር፤ አብረን ተሸነፍን። ተከትያቸው ቢሮ ገባሁና፣ «አለቃው እርስዎ አይደሉም ወይ? ይፈርሙልኝ» አልኳቸው።

«ዛሬ ውሳኔያቸውን ብሽር፣ ነገ እጁን የሚያወጣ ልጅ አላገኝም» አሉኝ።

በጊዜው ተናድጃለሁ። ግን ልጄ ከዚያ ጉባኤ ስትመለስ እንደ ድሮው ማኩረፍ ትታ ትጠይቀኛለች፤ ትከራከረኛለች፤ ስትረታም ትቀበላለች። ይህን በሱቄ ካለው ዕቃ ሁሉ በየትኛውም አልገዛውም ነበር። መምህር፣ አመሰግንዎታለሁ።

ባለፈው ሰሞን አጥሩ ሥር ቆመን፣ «እኔ ስሄድ ጉባኤውም አብሮኝ የሚሄድ እየመሰለኝ እንቅልፍ አጣሁ» ብለውኝ ነበር። ያን ጊዜ ያላጽናናሁዎት እርግጠኛ ባልሆንኩበት ነገር ማጽናናት ስለማልወድ ነው። ትናንት እርስዎ ወረዳ ተጠርተው ሳሉ ግን ጉባኤው በሰዓቱ ተቀመጠ። መምህራኑ፣ «መምህር ቀለመወርቅ ዕድሜ ልካቸውን የክብር ሰብሳቢ ይሁኑልን» አሉ። እኔም ደገፍኩ። ህይወት ተነሣች፤ «እንወዳቸዋለን። ሰብሳቢ ግን በየመንፈቁ በምርጫ ነው። ደንቡን አብረውን ያወጡት እሳቸው ናቸው» አለች።

ድምፅ ተሰጠ። መምህር፣ ወደቁ። ያውም በሰፊው።

አይዞዎት፣ እንባዎን ይጥረጉ። በሉ ሁላችሁም ብርጭቋችሁን አንሡ፤ ለመምህር ቀለመወርቅና ለጣላቸው ጉባኤ እንጠጣ። እግዚአብሔር ጤናውን፣ ዕድሜውን፣ የልጅ ልጅ ማቀፉን ይስጥዎት። ዓርብ ዓርብ ብቅ ይበሉ፤ ከወይራው ሥር ቦታ አያጡም። ለመናገር ግን እጅዎን ያወጣሉ።