ስልኩ ደህና ነው

ሰው በሞላበት መኪና ስልክ ማስጮህ ነውር ነው። ከመርሳ ወደ ወልድያ ስንሄድ ግን አንዲት እናት ስልካቸውን ከፍተው አጠገባቸው ለተቀመጠ ወጣት አሰሙት።

«ስማው እስቲ ልጄ፤ ይንኮሻኮሻል። ወልድያ ላሠራው እየሄድኩ ነው።»

«ስልኩ ደህና ነው፣ እማማ። ይሄ ጊታር ነው።»

«ጊታር እንዲህ ያቃስታል?»

«ሮክ ሲሆን ያቃስታል። ማነው የሚጫወተው?»

«ልጄ ነዋ! ከጓደኞቹ ጋር የሚጫወተውን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ይቺን ሙዚቃ ግን ብቻውን ሠርቶ ላከልኝ፤ ሰሚም አላገኘች። ዛሬ ደውሎ ‹እንዴት ነው?› ሲለኝ ምን ልበለው?»

«እስከ መጨረሻው ሰምተውታል?»

«የተበላሸ እየመሰለኝ አጠፋዋለሁ እንጂ!»

«እንግዲያው አሁን ይስሙት።»

ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ቆዩ።

«ውይ! የአባቱ ወፍጮ!»

«የምን ወፍጮ?»

«አባቱ ነፍሱን ይማረውና ባለወፍጮ ነበር። ሞተሩ ሊጠፋ ሲል ልክ እንዲህ ነበር የሚያጓራ። ይሄ ልጅ እዚያው ጆንያ ላይ ነው ተኝቶ ያደገ!»

«ታዲያ ሲደውል ምን ይሉታል?»

«ዱቄቱ ሸተተኝ እለዋለሁ! ሹፌር፣ ሲሪንቃ አውርደኝ፤ ልመለስ ነው።»

ልጆቼን «ሙዚቃውን ቀንሱት» እያልኩ ያሳደግሁት እኔ፣ ወልድያ እስክንገባ ያንን ድምፅ በጆሮዬ ስፈልገው ቆየሁ።