እስከ ዘጠኝ ሰዓት ታገሺኝ

ነይ ግቢ፣ እህቴ። መጋረጃውን ሰፍተሽ ጨረስሽው? እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ። ጠርዙን እንዴት አድርገሽ ብታጥፊው ነው እንዲህ የተኛልሽ? እዚሁ ወጥ ቤት በርጩማው ላይ አረፍ በይ፤ ሳሎን ሶፋው ላይ እንግዳ አለ። በሩን ግን አትዝጊው፣ ይታፈናል... ደግሞስ እኛ ምን የሚደበቅ ወሬ አለን?

አንድ ሰው አለልሽ፣ ስሙ ምን ያደርጋል። ጨዋ፣ እንደው ጨዋ። ባለፈው ሳምንት ጓደኞቹን ቤቱ ጋብዞ፣ ሚስቱ ሰሃን እያነሳች፣ እሷ ባትኖር ቤታቸው እንዴት ሰፊ ይሆን እንደነበር ነግሮ አሳቃቸው። ተጫዋች አይደል? ሚስቲቱ ቀልድ አታውቅም መሰለኝ፣ ሻንጣዋን ይዛ እናቷ ዘንድ ገባች።

ዛሬ ጠዋት ሊታረቅ መጣ። ሽማግሌ አላስቸገረም፤ ያን ስልክ ውስጥ ያለውን፣ የጠየቁትን ሁሉ የሚጽፈውን ይዞ ነው የመጣው። በነጻ ነው አሉ። የነጻ ነገር ደግሞ ልክ አለው፤ በቀን ይህን ያህል ጊዜ ይመልስልሻል፣ ከዚያ ወይ ትከፍያለሽ፣ ወይ ሰዓትሽን ትጠብቂያለሽ።

እሱ ግን አስተዳደጉ ነው፣ ዘሎ ጉዳይ ውስጥ አይገባም። «እንደምን አደርክ» ብሎ ላከለት። መለሰለት። ሥራ እንዴት እንደሆነ ጠየቀው። መለሰለት። እንዳልደከመው ጠየቀው... ላስቸግርህ ነበር አለው... እያንዳንዷ መልእክት ትቆጠራለች፣ አንዲት ቃልም ብትሆን። በር የከፈተችለትን አማቱን ግን በአገጩ ነው ሰላም ያላት። ምን ያድርግ? የሰው ሰላምታ ገደብ የለውም፣ እሱን ቆጠበ፤ ተቆጥሮ የሚሰጠውን ረጨው። ቁጠባ ማለት ይሄ አይደል?

ከዚያ ሚስቱ ፊት ተቀምጦ፣ ስልኩን እንደ መስታወት ይዞ፣ ማንበብ ጀመረ። «ውዴ ሆይ፣ ንግግሬ ልብሽን እንደሰበረው ተረድቻለሁ። ከእንግዲህ ሌላ ሰው እሆናለሁ።» ድምፁ ሲያምር! አማትየዋ እንኳ እንባዋ መጣ፤ ሽንኩርት እየከተፈች ስለነበር ይሁን እንጃ። ልጅቱም ለስለስ አለች። ሌላ ሰው ማለት እንዴት ያለ ሰው ነው ብላ ጠየቀችው።

ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? መጀመሪያ ለጻፈለት ቃል «ከልብ አመሰግናለሁ» ብሎ ላከለት። ያቺ የመጨረሻዋ ነበረች። ከዚያ የሚስቱን ጥያቄ አስገባና፣ የወጣለትን፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ በዚያው በሚያምር ድምፅ አነበበላት።

«የዛሬው ነጻ አጠቃቀምህ አብቅቷል። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ተመልሰህ ሞክር።»

ልጅቱ አልሳቀችም። የክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ አይደለች? እሷም በሥራዋ ትጠቀምበታለች፤ ሰላምታውም ምስጋናውም እንደሚቆጠር፣ ጉዳይን ሰብስቦ አንዴ መላክ እንደሚሻል፣ ቀስ አድርጋ አስረዳችው። ከዚያ «ግዴለም፣ ካንተው አፍ ሁለት ቃል ትበቃኛለች» አለችው።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ታገሺኝ» አላት። ሁለት ቃል ብትጠይቀው አራት ሰጣት። እንዲህ ያለ ለጋስ የት ይገኛል?

የቤታቸውን ቁልፍ ስትለምነውም አልነፈጋትም፤ ከስልኩ ቀና ሳይል ዘረጋላት። ቀሪ ልብሷን ጠቅልላ ልትመጣ፣ ቁልፉንም ለጎረቤት ልትተውለት፣ በዚህ በወጥ ቤቱ በር ከወጣች ቆየች። እሱ እዚያው ትይዩው ተቀምጣ የምትጠብቀው ሳይመስለው አይቀርም... ማን ይረብሸዋል ብለሽ ነው?

ሰማሽ? ሶፋው ተንቋቋ። ተከትሏት ሊሮጥ ይሆን?... አይ፣ ስልኩን ሊሰካ ነው።

እኔ እንግዲህ ለሰው ክፉ አልመኝም። ፈጣሪ እሱንና ስልኩን በአንድ ትራስ ላይ ያስረጃቸው፤ በመካከላቸው ሰው አይግባባቸው። አሜን በይ እንጂ፣ እህቴ... ጮክ ብለሽ።