በመቅዘፊያ የተመታው በረዶና የኦርቪል ትከሻ

የምስክር ስም፦ ቬርና ፕሩዊት
ዕድሜ፦ 66
ሥራ፦ ጡረተኛ፣ የቀድሞ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር
አድራሻ፦ ሜሪላንድ፣ ቴል ክሪክ መንደር
ቀን፦ ቅዳሜ፣ ጥር 20

ዛሬ ጠዋት ድልድዩ ላይ መኪናውን ያቆመ አንድ መንገደኛ "አንዲት ሴት ካያክ በሚባል ጠባብ ጀልባ ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ በመቅዘፊያ እየቀጠቀጠች ነው" ብሎ ለፖሊስ በመደወሉ፣ ተጠርቼ ስጠየቅ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ሴትዮዋ እኔ ነኝ። ሽማግሌው ጎረቤቴ ኦርቪል ዳይዝ ነው። ሴት ልጁ ጆሊን "አባዬ አእምሮው ደክሟል፤ ካያኩ ተሸጦ ባልቲሞር እኔ ዘንድ ይግባ" እያለች እዚሁ ጣቢያ ስለምትከራከር፣ ነገሩ እንደሆነው ይጻፍልኝ።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ጓሮዬ ካለው የጀልባ ማቆሚያ ላይ ሆኜ ሳይ፣ ኦርቪል የካያኩን አፍንጫ ወንዙ ዳር በረጋው በረዶ ጠርዝ ላይ አውጥቶ ዓሣ ያጠምዳል። በብርድ ወራት ሁላችንም የምናደርገው ነው፤ በረዶው እንደ መልሕቅ ይይዛል፣ ቢጫ ፐርች የምንለው ዓሣም ከሥሩ ይጠለላል። ወደ ወንዙ ሲሞላ ያደረው የባሕር ውኃ ግን መጉደል ጀምሮ ነበር። ውኃው ሲሸሽ በረዶው ከዳር ተገንጥሎ ኦርቪልን እንደተሸከመ ወደ ድልድዩ መሄድ ጀመረ። እርጥቡ የካያኩ ሆድም ከበረዶው ጋር ተጣብቋል። የድልድዩ ምሰሶ ጋ ቢደርስ በረዶው ተሰባብሮ ይገለብጠው ነበር፤ በዚያ ውኃ ውስጥ ደግሞ ሰው ብዙ አይቆይም።

የመንሳፈፊያ ሰደርያዬን ለብሼ በራሴ ካያክ ተከተልኩት። "አንተ ሰውዬ፣ ወዴት እየሄድክ ነው?" ብዬ ጮኽኩ።

"ኧረ የትም አልሄድኩ! ዓሣው ነው የሚመጣው" አለኝ፣ ዘወር እንኳ ሳይል።

ደርሼ በካያኩ ዙሪያ ያለውን በረዶ መቀጥቀጥ ጀመርኩ። ደዋዩ ያየው ይህንን ነው። ኦርቪል ግን "ቀስ በይ እንጂ፣ ዓሣዎቹን አባረርሻቸው!" ብሎ ተቆጣኝ። የእኔ ነፍስ ልትወጣ፣ እሱ ዓሣ! ያን ጊዜ ትከሻው ላይ አንድ ጊዜ መትቼዋለሁ፤ አልክድም። ቀና ብሎ ድልድዩን ያየው ገና ያኔ ነው። "የፈጣሪ ያለህ!" አለና የማጥመጃ ዘንጉን ጥሎ በመቅዘፊያው ከእኔ ጋር በረዶውን ይመታ ጀመር። ካያኩ ተላቀቀ፤ ወደ ዳር ቀዘፍን። በረዶው ምሰሶው ላይ ሲንኮታኮት ከኋላችን ሰማነው።

ከዚያ ኦርቪል "ቬርና፣ አንቺ ባትኖሪ እኮ..." ብሎ መጨረስ አቃተውና ባልዲውን አሳየኝ። ዓሣ ሞልቶታል። ሳቄ አመለጠኝ፣ ደስም አለኝ።

አእምሮው አልደከመም። ዓሣ መንጠቆውን ሲነክስለት ሌላ ነገር አይታየውም፤ ከተጎራበትን ጀምሮ እንዲሁ ነው። ጥፋቱ ብቻውን መውጣቱ ነው። ከእንግዲህ እኔ አብሬው እወጣለሁ። ይህንኑ ለጆሊን ፊት ለፊት ነግሬያታለሁ፤ እሷም "አንቺ ካለሽስ ይሁን፤ እሱ የሚፈራው አንቺን ብቻ ነው" ብላለች። ስለዚህ ጉዳዩ እስኪጣራ ብሎ ጣቢያው የያዘው ካያክ ዛሬውኑ ይመለስለት። ነገም ውኃው ይሞላል።

የተናገርኩት ሁሉ፣ አንዷን ምት ጨምሮ፣ እውነት መሆኑን ተነቦልኝ አረጋግጬ ፈርሜአለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ቬርና ፕሩዊት
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ሳጅን ቤኔት ላንክፎርድ

የቃል ተቀባይ ማስታወሻ፦ ኮሪደር ላይ ተቀምጠው የነበሩት አቶ ኦርቪል ዳይዝ ቃሉ ሲነበብ ሰምተው "እኔም መፈረም አለብኝ" በማለታቸው፣ በገዛ እጃቸው የሚከተለውን አክለዋል፦

"ተመታ የተባለው ሰው እኔ ነኝ። ምቱ ይገባኝ ነበር። ክስ የለኝም። ነገ ጠዋት ከበረዶው ራቅ ብዬ እጠብቃታለሁ።"

ፊርማ፦ ኦርቪል ዳይዝ