በፍላሽ የሚሠራ ምድጃ

ግቢ ግቢ ሲስተርዬ፣ በሩ ላይ ምን አቆመሽ? ወለሉ በቁርጥራጭ ጨርቅ ስለተሞላ ነው? ርገጪው፣ ግድ የለም። እዚያ ወንበር ላይ ያለውን መቀስ ገፋ አድርጊውና አረፍ በይ። እንዴት ነሽ? ተማሪዎችሽስ? መርፌ መውጋት ቻሉ ወይስ አሁንም ትራስ ነው የሚወጉት? ... ትስቂያለሽ! ከልቤ እኮ ነው። ያቺ ባለፈው የወጋችኝ ልጅ፣ ረጅሟ፣ ክንዴን እስከ ማግስቱ እንዳይታጠፍ አድርጋዋለች። ጎበዝ ትሆናለች ግን፣ እጇ ሲለምድ።

የመጣሽው ለምረቃው ሻርፕ እንደሆነ አውቃለሁ። ቅዳሜ ነው አይደል? ... አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። መጀመሪያ ትንፋሽሽን ሰብስቢ። እህቴ ጓዳ ናት፣ የልጆችሽን ስም እየጠለፈች ነው። ስታንጎራጉር ይሰማሻል? በእጇ ነው የምትጠልፈው፤ አዎ፣ በእጇ! የጥልፍ ማሽኑማ ይኸው ጨርቅ ለብሶ ተጎልቷል። እሱ ምንም አልሆነም፤ ግን ስሙን የሚቀበለው ከላፕቶፕ ነው። ላፕቶፑ ላይ ይጻፋል፣ በፍላሽ ይገለበጣል፣ ፍላሹ ማሽኑ ላይ ይሰካል፣ ከዚያ ማሽኑ ራሱ ይጠልፋል። ላፕቶፑ ደግሞ ፍላሽ አላውቅም ካለ ሰነበተ። ማውስም አላውቅም አለ። ብትሰኪበት ጸጥ! እህቴ ናት አሉ የሰበረችው፣ ፍላሽ ስትነቅል እጇ ከብዶ። አሉ ነው የምልሽ፤ እኔ ምን አውቃለሁ?

መስኮቱ ጋ ጀርባውን የሰጠን የእህቴ ባል ነው። ሰላም ስትይው ዝም ያለሽ ንቆሽ አይደለም፣ ሥራ ላይ ሆኖ ነው። የሞተውን የፍላሽ መሰኪያ አውጥቶ አዲስ እየበየደ ነው። ረቂቅ ሥራ ነው፣ እስትንፋስ እንኳን ያውከዋል። እና ድምፃችንን ዝቅ እናድርግ... ወይም ከፍ እናድርገው፣ ጓዳ ያለችዋም ትስማን፤ ብቻዋን ከምትሰለች ወሬ ይሻላታል።

ላፕቶፕ ስል አንድ ወሬ ትዝ አለኝ፣ ላጫውትሽ? ... ስለ እነሱ አይደለም! ኧረ በሞቴ፣ ምን ቆርጦኝ? ሌላ ቤት ነው፣ አንቺ የማታውቂው ሰው ነው። ሚስቱ... ምን ነበር ሥራዋ... አዎ፣ ዳቦ ጋጋሪ ናት።

ይህ ሰው አዋቂ ነው ስልሽ! ሲናገር ወንበሩም ጆሮ ይሰጠዋል። የሚስቱ ላፕቶፕ ቀርፋፋ ነበር። ለመነሣት ሻይ አፍልተሽ ጠጥተሽ ብርጭቆውን እስክታጥቢ ይፈጅበታል። እሱ ምን አደረገ? ዊንዶውሱን ጠራርጎ ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም ጫነበት። በነጻ! እውነቱን እናውራ ከተባለ ሊኑክሱ ምንም አላጠፋም፤ አሮጌው ላፕቶፕ ሮጠ እንጂ። እዚያ ላይ ቢያቆም ዛሬ ስሙን ጠርቼ አመሰግነው ነበር። ግን አዋቂ ሰው መች ያቆማል?

አንድ እሑድ ቤተሰቡ ሁሉ ምሳ ላይ ተሰብስቦ ነበር። የሚስቱ እናትም ነበሩ። ባትሪው ቶሎ ያልቃል ብሎ የተናገረ የለም፣ ማንም አልጠየቀውም፤ እሱ ግን ላፕቶፑን ሳህኖቹ መሃል አስቀመጠና ያቺን ለኮምፒውተሩ ትእዛዝ የሚጻፍባትን ጥቁር መስኮት ከፈተ። ጣቶቹን አንቋቋ። አንድ መስመር ጻፈ። "ከዛሬ ጀምሮ" አለ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ "ይህ ላፕቶፕ ተሰክቶበት ሥራ ለፈታ ነገር ኤሌክትሪክ አይሰጥም። ሥራ የፈታ ሁሉ ይተኛል!" ቤቱ በጭብጨባ ቀለጠ። እኔም አጨብጭቤ እጄ... ማለቴ እነሱ አጨበጨቡ፤ እኔ በወሬ ነው የሰማሁት። ስሰማ ግን ለራሴ ምን አልኩ መሰለሽ? ሥራ የፈታ ሁሉ የሚተኛ ከሆነ ይህ ሰውዬ ራሱ እንዴት ነቅቶ ዋለ?

በማግስቱ ሚስትየው ለሥራ ተነሥታ ፍላሿን ብትሰካ፣ ጸጥ። ... ምን አልሽ? ዳቦ ጋጋሪ ፍላሽ ምን ያደርግላታል? ሲስተርዬ፣ አንቺ ደግሞ! ምድጃው በፍላሽ ነው የሚሠራው። ዘመኑ ነዋ! የዳቦውን ቅርጽ ከላፕቶፑ ይወስድና... በይ አታቋርጪኝ፣ ወሬው ይጠፋብኛል።

ባልየው ተጠራ። አሁን ብልሃቱን ተመልከቺልኝ። ሌላ ተራ ሰው ቢሆን ምን ያደርጋል? ፍላሹን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይሞክራል። ሌላኛው መሰኪያ ይሠራ እንደሆነ ያያል። "ትናንት ምን ነካካሁ?" ብሎ ራሱን ይጠይቃል። እሱ ግን ይህ ሁሉ ጣጣ አላስፈለገውም። ቀና ብሎ ሚስቱን አያት፣ አለቀ! "ስትነቅይ ጎትተሽዋል" አላት። አንቺ በሽተኛ ሲመጣልሽ መጀመሪያ ትኩሳቱን ትለኪያለሽ። እሱ ሚስቱን አይቶ ነው በሽታውን የሚያውቀው፤ ይህ ደግሞ ትምህርት ቤት የማይሰጥ ተሰጥኦ ነው።

"ጎትቼው ይሆናል" አለች እሷም፣ አንገቷን ደፍታ። እሷ እንደዚያ ናት፣ ዝናብ ቢዘንብ እንኳ ይቅርታ የምትጠይቅ ሴት ናት።

ከዚያ በኋላ እንግዲህ ምርመራው ተጀመረ። ከፍርዱ በኋላ ማለቴ ነው። ጥቁሯ መስኮት ተከፈተች፣ ጽሑፉ እንደ ጎርፍ ወረደ፣ እሱም "እም..." እያለ ራሱን ነቀነቀ። መሰኪያውን እፍ አለበት። በአልኮል ጠረገው። ኢንተርኔት ላይ ያሉ የሊኑክስ ሰዎችን ጠየቀ፤ እነሱም ደግ ሰዎች ናቸው መሰለኝ፣ ወዲያው መለሱለት። "በቅርቡ የባትሪ ቁጠባ ነገር ነካክተሃል ወይ?" አሉት። ምን ቢል ጥሩ ነው? "ጀማሪዎች!" ብሎ ገጹን ዘጋው።

ሚስትየው ታላቅ እህት አለቻት፤ ይህን ሁሉ ያጫወተችኝ እሷ ናት። የምትታመን ሴት ናት፣ ቆንጆም ናት። "አማቼ" አለችው አሉ፣ "ላፕቶፑ በቀኝም በግራም መሰኪያ አለው። ይቺ ልጅ ዘመኗን ሙሉ የምትሰካው በቀኙ ነው፣ በግራው በኩል የሻይ ብርጭቆዋን ነው የምታስቀምጠው። የቀኙን ጎትታ ገደለችው እንበል። የግራው በምን ሞተ? በሐዘን?" እሱም በትሕትና መለሰላት። "እትዬ፣ ይሄ ሙያ ነው፣ አንቺ አይገባሽም" አላት። እውነቱን ነው፣ ምን ይገባታል?

ይህም አልበቃውም፤ እናትየው ዘንድ ሄዶ "ልጅዎ እጇ ከባድ ነው፣ እኔ ግን አልተቀየምኳትም" አለ። እናት ደግሞ ታውቂያለሽ፣ ልጃቸውን ጠርተው የወቀሳ ናዳ አወረዱባት። ልጅቷ አለቀሰች። ባሏን ይቅርታ ጠየቀችው። እሱም... ስሚኝ ሲስተርዬ፣ እዚህ ላይ ላመሰግነው ነው... ይቅር አላት! በሰው ፊት፣ ትከሻዋን እየደባበሰ፣ ያላጠፋችውን ይቅር አላት። እንዲህ ያለ ሆደ ሰፊ ሰው የት ይገኛል? እኔ ስሰማ አንጀቴ እርር ነው ያለው። በደስታ፣ በደስታ!

እሷ ግን ከዚያ ወዲህ ማሽ... ምድጃዋን አልነካም አለች። "እኔ የነካሁት ይሰበራል" ትላለች። እንደዚያ ያለች ባለሙያ! ዳቦውን በእጇ ስትሠራ ትውላለች፣ ጣቶቿ በመርፌ ተበሳስተው... አዎ፣ በመርፌ! አንዳንድ ቤት ዳቦ በመርፌ ይሠራል፣ ምን ዓይንሽን ታፈጥጪብኛለሽ?

እንዴ... እህቴ ማንጎራጎሯን ተወችው? ቅድም ይሰማኝ ነበር። ደክሟት ይሆናል።

ምን ላይ ነበርኩ? አዎ፣ ባለፈው ማክሰኞ የሆነውን ልነግርሽ ነበር። ማክሰኞ ሰውየው ላፕቶፑን አጠፋና መልሶ አስነሣው፤ ማውሱ እንደተሰካ ነበር። ገና ሲነሣ ማውሱ ሆዱ ሥር ያለችው ቀይ መብራት ቦግ! ሊኑክሱ ነቅቶ ቤቱን ሲረከብ ድርግም! እንደገና አጥፍቶ አስነሣ። ቦግ፣ ድርግም! ገባሽ? መሰኪያው ተሰብሮ ቢሆን ኖሮ ከመጀመሪያውም አይበራም ነበር። መሰኪያውማ ደህና ነው፣ ከውስጥ የሚያስተኛው አለ እንጂ። አንቺ የተኛ በሽተኛ አይተሽ ሞተ ብለሽ አንሶላ ታለብሺዋለሽ? ... አታለብሺውም፣ ምክንያቱም መጀመሪያ ትነኪዋለሽ፣ ትጠሪዋለሽ። ማን አስተኛው ካልሽኝ እኔ አላውቅም። የእሑዱ ጭብጨባ ትዝ ካለሽ አንቺው ንገሪኝ።

ሰውየውም ገባው፤ አእምሮውማ ሙሉ ነው። ጥቁሯን መስኮት ከፍቶ የእሑዱን ትእዛዝ ሰረዘ። ማውሱ ቦግ እንዳለ ቀረ። ታዲያ ተነሥቶ ሚስቱን ጠራ? "ነይ እስኪ፣ አንቺ አይደለሽም፣ እኔ ነኝ" አላት? እሷ እኮ ከአሥር እርምጃ የማይርቅ ቦታ ነበረች፣ ጣቷን እየጠባች። አንዲት ቃል ናት፣ ለመናገር ጥርስ አታስነቅል! ... ኤዲያ። ግራ ቀኙን አየና ማውሱን ነቅሎ ኪሱ ከተተው። ያቺ ታላቅ እህት ከኋላው ካውያ ይዛ ቆማ ነበር አሉ። ... ካውያ ለምኗ ነው? ዱቄት ልትተኩስ ነዋ!

ከዚያማ "መሰኪያው ሞቷል፣ አዲስ ይበየድበታል" ብሎ መበየጃ ይዞ መጣ፤ ይኸው ይበይዳል። ክፋት እንዳይመስልሽ። ሰባሪ ተብሎ ከመጠራት ጠጋኝ ተብሎ መጠራት ይሻላል፣ ማን ይጠላል? ሚስትየውም ሥራው ሲያልቅ እጁን ስማ ታመሰግነዋለች። እናትየውም ይመርቁታል። ሁሉም ደስ ይለዋል።

አንድ ነገር ብቻ ግራ ገባኝ። መበየጃ በኤሌክትሪክ ነው አይደል የሚግለው? ... እኔም እንደዚያ ነው የማውቀው። መስኮቱ ጋ ያለው ሶኬት ደግሞ አንድ ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ የተሰካበት የእኔ ካውያ ነው። የመበየጃው ገመድ ይኸውልሽ፣ ወንበሩ ሥር እንደተጠቀለለ። ላፕቶፑም አንድ ብሎን አልተፈታለትም... አይ አይ፣ ስለዚህኛው አይደለም የማወራው! ስለ እነዚያ ነው። እነሱም ቤት መስኮት አለ፣ ሶኬትም አለ። ... የእህቴን ባል ጆሮ አየሽው? ምን እንዲህ አቀላው? መበየጃው ግሎ ይሆናል።

በይ ወደ ጉዳያችን፣ ሻርፑን ላሳይሽ። ይኸው፣ የመጀመሪያው። ስሟን አንብቢው እስኪ፣ ያቺ ክንዴን የወጋችኝ ረጅሟ ልጅ ናት። ያምራል አይደል? የማን እጅ ይመስልሻል? ... የእህቴ? አይደለም። ገልብጪውና ጀርባውን እዪው። ነጭ ክር አየሽ? በእጅ የተጠለፈ ፊቱም ጀርባውም አንድ ክር ነው። ከሥር ነጭ ክር የሚመጣው ማሽን ሲጠልፍ ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት ባልና ሚስቱ ቁርስ ላይ እያሉ ከዚያው ላፕቶፕ ላይ፣ በቀኙ መሰኪያ፣ በፍላሽ ገልብጬ ነው። ስነቅለውም ቀስ አላልኩም። ጎተትኩት! ሆን ብዬ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ ጎተትኩት። ደግሜ ሰካሁት፣ ደግሞ ሠራ። እኔ ደግሞ እጄ ከእህቴ እጅ ይከብዳል፣ እናታችን ምስክር ናት።

ነይ እህቴ፣ የጓዳው በር ላይ አትቁሚ። ጣቶችሽን ከኋላሽ ምን አስደበቀሽ? ሲስተር ናት፣ ቁስል አይታ አትደነግጥም። ... ወደ መስኮቱ አትዪ፣ እሱ ሥራ ላይ ነው። ይልቅ ያን ጨርቅ ከማሽኑ ላይ ግፈፊልኝ። አዎ፣ አንቺው ግፈፊው። ቁልፉንም ንኪው፣ አይሰበርም። ... ሰማሽው ሲስተርዬ? ይህን ድምፅ ስናፍቅ ነበር የከረምኩት፣ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ሻርፖችሽ ለቅዳሜ ይደርሳሉ፣ በእኔ ይሁንብሽ። እያለቀሰች ስትጠልፍ አይተሽ አትጨነቂ፣ ጨርቁ ላይ አይንጠባጠብም፤ እኔ አጠገቧ እቀመጣለሁ።

ተነሣሽ? ሻይ እንኳ ሳትጠጪ? ... ያ ሰውዬማ? ምን ይሆናል፣ ደህና ነው፣ እየበየደ ነው። አይ፣ አልረግመውም፣ ክፉ አልወጣኝም። እንዲያውም መርቄው ልሸኝሽ። አማቼ፣ ያን ባዶ መበየጃ አስቀምጥና አንተም አሜን በል፣ ለማታውቀው ሰው ነው። እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጠው። ስሙን በበጎ ያስጠራው። ቤቱን ሙሉ፣ እጁን ቀሊል ያድርግለት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያቺን ሚስቱን አያሳጣው፣ እስኪያረጅ ከጎኑ ያኑርለት... እሷ አንድ ቀን ትታው ብትሄድ፣ ምስኪን፣ ራሱ ያጠፋውን ሁሉ ለማን ይቅር ይላል?