አውሬው ሲመጣ ኡኡ ያላለ መንደር

ልጄ ከጓደኞቿ ጋር የሠራችውን ፊልም ልታሳየኝ እኔ ወደምኖርባት ላንቴ መንደር ድረስ መጣች። ከተማ፣ ሴቻ ሰፈር ላለ የፊልም ውድድር ልታስገባው ነው፤ ካሸነፈች ሥራ ታገኛለች። ሙዝ ማሳ ውስጥ በጠፉ ተማሪዎች ስልክ ላይ የተገኘ ቪዲዮ አስመስለው ነው የሠሩት። አውሬው ከኩልፎ ወንዝ ሲወጣ እውነት መስሎኝ እግሬን ሰበሰብኩ።

«እንዴት ነው አባ?» አለችኝ።

«አውሬው ጥሩ ነው። ስንት ሰው በላ?»

«አራት።»

«አራት ሰው ሲበላ ኡኡ ያለ የለም። እኛ ጋ አንድ ሰው ከጮኸ መንደሩ ገጀራ ይዞ ይወጣል።»

«ሰው ከመጣማ ፊልሙ ያልቃል።»

«ይለቅ፤ ልጆቹ ይተርፋሉ» አልኳት።

በማግስቱ እኔንና ጎረቤቶቼን ገጀራ አስይዛ በሙዙ መሃል ሦስት ጊዜ አስሮጠችን።